ግራ ሲገባኝ

ሐምሌ ነው። ማታ ነው። ባሕር ዳር ጨልማለች።
ባጃጁ ሲገለበጥ ጆሮዬ የሰማችው
የሎሚ ድምፅ ነው፣
ከዘንቢሌ አምልጦ ባስፋልቱ ሲንከባለል፣
አንዱ ካንዱ ቀድሞ ወደ ሐይቁ ሊል።

ከዚያ ዝናብ። ከዚያ የሰው እግር። ከዚያ ነጭ ግድግዳ፤
ከዚያ ቀኝ እጄ፣ እንደ ሰው ዕዳ
አጠገቤ ተኝቶ፤ "ያንቺ ነው" ሲሉኝ
አዲስ ዘመድ እንዳስተዋወቁኝ
አፈርኩት።

ሁለት ዝርግ ብረት፣ ስምንት ብሎን፤
ሐኪሙ እንደ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ነገረኝ፤
ጣቶቼ ግን እርሳስ ላይ አልዘጋ አሉኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሥዕል አስተምሬ፣
"መስመሩ ቀጥ ይበል!" ብዬ፣ ልጅ ገሥጬ፣ ተማርሬ፣
"ንጹሕ ሥራ አምጣ" እያልኩ ደብተር መልሼ፣
እኔው ቀረሁ
ላጲስ የቀደደው ወረቀት ሆኜ።

ራጁን ካልጋ ሥር ሁለት ዓመት ደበቅሁት።
አንድ ጥዋት፣ አቧራ ስጠርግ አገኘሁት፣
ወደ መስኮቱ አነሣሁት፤
ሐይቁ ባጥንቴ ውስጥ አለፈ።
ጣና በክንዴ መሐል፣ በብሎኖቹ ጥርስ ተንሳፈፈ፤
አንድ ታንኳ በክርኔ ገብቶ ባንጓዬ ወጣ፣
ስብራቱ ላይ ላፍታ ቆሞ፣ ውሃ እንደሚጠጣ።

ግራ ገባኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የተጣለ ለቃሚ ሆንኩ።
እምቦጩን፣ ሐይቁን አንቆ የያዘውን፣ ከዳር ጎተትኩ፤
ቀቀልኩ፣ በግራዬ ወቀጥኩ፣ በወንፊት አሰጣሁ፤
ጉርብጥብጥ፣ የረግረግ ሽታ የማይለቀው ወረቀት አወጣሁ።
ከዓሣ አስጋሪው ከጌትዬ የተበጠሰ መረብ ለመንኩ፤
"ዓሣ ያመለጠበት ነው" ቢለኝ፣ "እሱን ነው የምፈልገው" አልኩ።
የቆሮሶ ቅርፊት፣ የባጃጅ መስታወት ስባሪ፣
የራሴ ፋሻ፣ ያልታጠበ፣ ደሙ እንደ ዝገት ቀሪ፤
ሁሉን በኮላ ጣውላ ላይ ገጥሜ፣
ራጁን መሐል አድርጌ፣ ዳሩን በመረብ ክር ዘምዝሜ።

ክረምት ገባ። ኮላው ላበው፤ ወረቀቱ ሻገተ፤
ሌሊት ጧ ብሎ ወደቀ፣ ግማሹ ተከፈተ።
አክስቴ ብርነሽ በባትሪ አየችውና አማተበች፤
"የታመመ ግድግዳ ይመስላል" አለች።
የሎጁ ባለቤትም መጥቶ፣ አንገቱን አዘንብሎ አይቶት፣
"አጥንቱን አንሺና ፔሊካን አድርጊበት፤
እንግዳ የሚገዛው እሱን ነው። ጀምበርም ጨምሪበት።"

አዝዬው ወደ ዳር ወረድኩ።
ልጥለው ነበር። ለምን እዋሻለሁ፣ ልጥለው ነበር።

ጋሽ ይማም ታንኳቸውን ከውሃ ሲያወጡ ደረስኩ።
ደንገሉ ጠጥቶ፣ ከብዶ፣
ከዋርካው አስደግፈው ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት
ሐይቁ ከሥሩ ሲወርድ፣ ሲንጠባጠብ አየሁት።
"ያፈሳል እንዴ?" አልኳቸው።
ሳቁ፣ እስኪያስላቸው።
"ልጄ፣ ውሃ የማይጠጣ ደንገል አባቴም አላሰረ፣
የሱም አባት አላሰረ።
ቀን ያሻግርሻል፣ ማታ ታሻግሪዋለሽ። ነገሩ ይኸው ነው፤
ሙያው ማሰሩ አይደለም፣ ማድረቁ ነው።"
ጀርባዬ ላይ ያለውን አዩ። ምንነቱን አልጠየቁኝም፤
አንድ እቅፍ የደንገል ትራፊ ሰጡኝ፣ ዋጋም አልነገሩኝም።

አሁን መስኮቴ ላይ ነው። ጣውላውን ትቼዋለሁ፤
ጀርባው ደንገል ነው፤ በየሳምንቱ ይላላል፣ በየሳምንቱ አስረዋለሁ፤
ቅዳሜ ቅዳሜ አውርጄ ከደጅ አሰጣዋለሁ።
ስፌቱ ወልጋዳ ነው፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣
የመጀመሪያዋን ሀ እንደሚጽፍ ልጅ ፊደል አጣጣር።
የጎረቤቴ ልጅ ሰውዓለም ብሎኖቹን በጣቱ ይቆጥራል፤
ሁልጊዜ ሰባት ይላል።
ስምንተኛውን የሸፈነው የቆሮሶ ቅርፊት ነው።
አላርመውም።

ቀኝ እጄ ዛሬም አይዘጋም። ሲበርድ ብረቱ ያወራል።
ግን ጠርዙን ተጭኖ ይይዛል፣ ግራዬ እስኪሰፋ ይጠብቃል፤
ድሮ አስተማሪ የነበረው፣ ይኸው ቁጭ ብሎ ይማራል።

"ምነው፣ ግራ ገባሽ?" ይለኛል የሚያውቀኝ ሰው፣
መርፌ ይዤ ስቆዝም ሲያይ።
አዎ፣ እላለሁ።
ዘግይቶ፣ ጠሞ፣ ክር እየበጠሰ፣
ግራዬ ገባኝ።

ደግሞ ዳመናው ሳይመጣ
ላውርደው። ቅዳሜ ነው።